የአንበሳው ጢምና የልጅ ወሰን፦ ስለ ስሜት የሚናገሩ የአማርኛ የሥዕል መጻሕፍት ለማን ይጻፉ?

በኢትዮጵያ ከሚነገሩ ተረቶች መካከል የአንዲት እንጀራ እናት ታሪክ ይገኝበታል። ባሏ ከሟች ሚስቱ የወለደው ልጅ አልቀርባት ይላል፤ የሰጠችውን አይበላም፣ ልታቅፈው ስትጠጋ ይሸሻል። መላ ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ስትሄድ፣ አዋቂው ለመድኃኒቱ የሕያው አንበሳ ጢም እንድታመጣ ያዛታል። ሴትዮዋ ሥጋ እየያዘች ወደ አንበሳው መመላለስ ትጀምራለች። በመጀመሪያው ቀን ሥጋውን ከሩቅ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ ከዚያም ርቀቱን ቀስ በቀስ ታሳጥራለች፤ በመጨረሻ አንበሳው ለምዷት ሲበላ አጠገቡ ተቀምጣ ጢሙን ትወስዳለች። ጢሙን ይዛ ስትመለስ ግን አዋቂው መድኃኒት አይቀምምላትም። አንበሳውን በቀረበችበት ትዕግሥት ልጁን እንድትቀርበው ብቻ ይመክራታል።

ይህ ተረት በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሁለት የተለያዩ የሥዕል መጻሕፍት ተተርኳል። አንደኛውን ናንሲ ሬይንስ ዴይ ጽፈውት አን ግሪፋልኮኒ ሥዕሉን ሠርተውለታል፤ የእንጀራ እናቲቱንም ታሪክ እንደተለመደው ያቀርባል። ሁለተኛውን ልጅነታቸውን በኢትዮጵያ ያሳለፉት ጄን ከርትዝ ጽፈውት ፍሎይድ ኩፐር ሥለውለታል። በዚህኛው መጽሐፍ ታሪኩ ተገልብጧል፤ የምትቸኩለው ልጅቷ ናት፣ ዓይን አፋሯ ደግሞ የአባቷ አዲስ ሚስት። ሁለቱም መጻሕፍት የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ሰው ቅርበት በችኮላም በጉልበትም አይገኝም፣ የሚቀርበው ወገንም መጠበቅን መማር አለበት።

ስለ ልጆች ስሜት፣ ስለ ምናባቸውና ስለ ገላቸው ወሰን የሚናገሩ የሥዕል መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ በብዛት እየታተሙ ነው። በአማርኛም እንዲህ ያሉ መጻሕፍት እንዲበዙ የሚጠይቁ መምህራን፣ ወላጆችና የሕፃናት ባለሙያዎች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከውጭ የሚመጡት አብዛኞቹ መጻሕፍት ትምህርቱን በልጁ ትከሻ ላይ ይጭናሉ፤ ልጁ ስሜቱን እንዲሰይም፣ ገላውን እንዲጠብቅ፣ እምቢ እንዲል ያሠለጥኑታል። የአንበሳው ጢም ተረት ሸክሙን የሚያሳርፈው በአዋቂው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም የአማርኛ የሥዕል መጻሕፍት ከዚህ ተረት መነሳት አለባቸው የሚል ነው፤ መጽሐፉ ለሚሰማው ልጅ ብቻ ሳይሆን ለሚያነበው አዋቂም ሊጻፍ ይገባል። ለዚህም በቋንቋው፣ በሥዕል ልማዱና በጨዋነት ሥርዓቱ ውስጥ የሚገጥሙ ሦስት ጉዳዮች አንድ በአንድ መመርመር ይኖርባቸዋል።

የተከፈተው መንገድ

የልጆች ተረት በኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን በእሳት ዳር የሚሰማ እንጂ በሥዕል የሚታይ አልነበረም። «አባባ ተስፋዬ» በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ በቴሌቪዥን ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ተረት ሲነግሩ፣ የቃል ተረቱን ልማድ ወደ አዲሱ መሣሪያ አሻግረዋል። ቀደም ሲል በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ደግሞ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለቀለም የሥዕል መጽሐፍ አድርገው አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ የተዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የቴሌቪዥን ዝግጅት የስድስት ዓመት ቀጭኔ የሆነችውን አሻንጉሊት ለልጆች አስተዋወቀ፤ በ2008 እ.ኤ.አ.ም ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን አገኘ።

ይህ ጥረት እየቀጠለ ሳለ በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተካሄደው የታችኛው ክፍል የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ ከክፍላቸው ጋር ከሚመጣጠን ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበርና በቀጣዮቹ ዓመታት ትኩረቱ ፊደል በመለየት፣ ቃል በማንበብና የንባብ ፍጥነትን በመለካት ላይ ማረፉ አያስገርምም። መዘዙ ግን አለ። ታሪክ የሚመዘነው በደቂቃ ስንት ቃል አስነበበ ተብሎ ሲሆን፣ ልጁ በታሪኩ ውስጥ ምን ተሰማው የሚለው ጥያቄ ለቅንጦት ይቀመጣል። ነገር ግን ልጅ ማንበብ የሚወደው በገጹ ላይ ራሱን ሲያገኝ ነው። ስለ ስሜት የሚናገር የሥዕል መጽሐፍ ከንባብ ትምህርት በኋላ የሚመጣ ጌጥ ተደርጎ መታየቱ ስለዚህ ስሕተት ነው፤ ወደ ንባብ ከሚያስገቡ በሮች አንዱ ነውና።

ስሜት በአማርኛ ሰዋስው

የመጀመሪያው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፈው ወደ አማርኛ የሚመለሱ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ሐዘንን «አዝኛለሁ»፣ ቁጣን «ተቆጥቻለሁ» እያሉ ያስቀምጣሉ። ቃላቱ ስሕተት አይደሉም፤ ነገር ግን የአምስት ዓመት ልጅ ወንድሙ አሻንጉሊቱን ሲነጥቀው «አዝኛለሁ» አይልም። «ከፋኝ» ይላል፤ ወይም ምንም ሳይል ያኮርፋል። «ሐዘን» በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ውስጥ ድንኳን የሚተከልበት፣ ጥቁር የሚለበስበት ትልቅ ነገር ነው። የተነጠቀ አሻንጉሊት በዚያ ስም ሲጠራ ልጁ መጽሐፉ ስለ ሌላ ሰው እንደሚናገር ያስባል።

ከቃል ምርጫው ይልቅ የሚበልጠው ሰዋስው ነው። አማርኛ አንዳንድ ስሜቶችን በሰውዬው ላይ እንደሚመጡ ነገሮች ይገልጻቸዋል፦ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደስ አለኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ። በእነዚህ ግሦች ተናጋሪው አድራጊ አይደለም፤ ስሜቱ የደረሰበት ነው፤ እንደ ራበኝና እንደ በረደኝ ማለት ነው። ሌሎች ስሜቶች ግን የሰውዬው ሥራ ሆነው ይነገራሉ፦ ተቆጣሁ፣ አኮረፍሁ፣ ቀናሁ፣ አፈርሁ። የተራበ ልጅ እንደማይወቀስ ሁሉ የከፋው ልጅም በቀላሉ አይወቀስም፤ ያኮረፈ ልጅ ግን ይወቀሳል። አዋቂው «ምን ሆነህ ነው?» ሲል በልጁ ላይ የደረሰውን ነገር ይጠይቃል፤ «ለምን ታኮርፋለህ?» ሲል ደግሞ ለፈጸመው ጥፋት መልስ ይጠይቃል። ልጁ በሁለቱም ጊዜ የተሰማው አንድ ዓይነት ስሜት ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለ ቋንቋ ለሥዕል መጽሐፍ ደራሲ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ መጽሐፍ ያኮረፈውን ልጅ በአንድ ገጽ፣ ከኩርፊያው በፊት የከፋውን ልጅ በቀጣዩ ገጽ ቢያሳይ፣ አንባቢው አዋቂ ያለ ምክር ከሁለተኛው ጥያቄ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። አማርኛ ስሜትን በገላ ውስጥም ያስቀምጣል፤ ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ያርራል፣ አንጀት ይርሳል፣ ልብ ይሰበራል። ልጅ የሆዱን ሕመም ከሆድ መባስ ገና ሳይለይ «ሆዴን» ብሎ ሲያለቅስ የቋንቋውን መንገድ መከተሉ ነው። ሠዓሊውም ልብን ብቻ ሳይሆን ሆድንና አንጀትን እንዴት እንደሚሥል ማሰብ ይኖርበታል።

የቀለም ጉዳይም ከዚህ ይመነጫል። በስፔናዊቷ አና ልየናስ ተዘጋጅቶ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመው የስሜቶች ጭራቅ መጽሐፍ ሐዘንን በሰማያዊ፣ ፍርሃትን በጥቁር፣ ቁጣን በቀይ ይወክላል። ቀዩ ቁጣ ለአማርኛ ተናጋሪም ይገባዋል፤ የተቆጣ ሰው ፊቱ ይቀላልና። ነገር ግን ቅር የተሰኘ ሰው ፊቱ ይጠቁራል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም፤ የፈራ ሰው ፊት አመድ ይመስላል፤ የተደሰተ ፊት ይፈካል። ሰማያዊ ለሐዘን መመደቡ የባሕርይ ሕግ ሳይሆን የሌላ ቋንቋ ልማድ ነው። ተርጓሚ ቃሉን ለውጦ ቀለሙን እንዳለ ሲያስቀር መጽሐፉን በግማሽ ብቻ ተርጉሞታል።

ሁለት ዓይንና አንድ ዓይን

ሁለተኛው ጉዳይ ሥዕል ነው። የሥዕል መጽሐፍ በኢትዮጵያ አዲስ ነው ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው፣ ከመጽሐፍ ውጪ ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የመንገር ልማድ በአገሩ ለዘመናት መኖሩ ነው። ለምሳሌ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ እንደ ብዙዎቹ የአገሪቱ አድባራት፣ የውስጥ ግድግዳው በሥዕል ያጌጠ ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ አራት ማዕዘኖች የሚያሳዩ፣ ለገበያ የሚሣሉ የሸራ ሥዕሎችም ከሥዕል መጽሐፍ የራቁ አይደሉም። በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሕፃን ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ሥዕል ማንበብ ጀምሯል ማለት ይቻላል።

ይህ የሥዕል ልማድ የራሱ ሰዋስው አለው። ከታወቁት ደንቦቹ አንዱ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይን መሣላቸው፣ ክፉዎችና አጋንንት ደግሞ ከጎን በአንድ ዓይን መሣላቸው ነው። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ማንበብ የማይችል ምእመንም ማን ምን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ዓላማውን የጠበቀ የሥዕል ቋንቋ ነው።

ስለ ልጅ ገላ ወሰን ለሚናገር መጽሐፍ ግን ይኸው ግልጽነት አደጋ አለው። ልጆችን የሚደፍሩ ሰዎች በአብዛኛው ለልጁ እንግዳ እንዳልሆኑ በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ ወይም ቤተሰቡ የሚያምነው ሰው ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ዓይን አይሣልም። መጽሐፉ አጥፊውን ጥርሱ ያገጠጠ፣ ፊቱ የጠቆረ መጻተኛ አድርጎ ካቀረበ ልጁን የሚጠብቀው ከማይመጣበት አቅጣጫ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ሁለት ዓይን ያለውን ሰው ሁሉ እንዲጠረጥር ካስተማረ ልጁ የሚኖርበትን ዓለም ያፈርስበታል።

መውጫው ከፊት ይልቅ እጅን መሣል ይመስላል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. በጀመረው ዘመቻ ያሰራጨው የኪኮ መጽሐፍ በዚህ ረገድ ብልህ ነው። አንዲት እጅ ኪኮን አፍንጫውን ልንካ፣ ጸጉሩን ልንካ እያለች ትጠይቃለች፤ ኪኮም ይፈቅዳል፤ የውስጥ ልብሱ ውስጥ ለመንካት ስትጠይቅ ይከለክላል። እጅ ደግም ክፉም አይደለችም፤ የሚመዘነው ድርጊቱ ነው። ሆኖም የኪኮ እጅ ዕድሜ የላትም፣ ዘመድ አይደለችም፣ የማዕረግ ስምም የላትም። በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ እጅ ስም አለው፤ የአጎት፣ የጋሼ፣ የእትዬ፣ የየኔታ እጅ ነው። ልጁ የኪኮን አጭር መልስ ለእነዚህ ሰዎች እንዴት ይስጥ? ይህ ጥያቄ ወደ ሦስተኛው ጉዳይ ይወስዳል።

እሺ፣ እምቢና ጨዋነት

ለልጅ «እሺ» የምስጋና ቃል ነው፤ «እምቢ» ደግሞ የወቀሳ። እምቢ ያለ ልጅ ባለጌ፣ አሳዳጊ የበደለው ይባላል፤ ወቀሳው ከልጁ አልፎ ወደ እናቱ ይደርሳል። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ተጠርቶ ይስማል፣ ይሳማል፤ ያፈገፈገ እንደሆነ «ምነው፣ ሳም እንጂ!» ተብሎ በትከሻው ይገፋል። የሚገፋው ሰው ክፋት የለበትም፤ ልጁን ወደ ዘመድ ማኅበር እያስገባው ነው። ነገር ግን ልጁ የሚማረው ሌላም ነገር አለ፤ በገላው ላይ የሚወስነው የትልቅ ሰው ፈቃድ መሆኑን ይማራል።

የሚገርመው፣ የአማርኛ ቅኔም ሆነ ፉከራ «እምቢ» ማለትን ሲያሞግስ መኖሩ ነው። ለአገር እምቢ ያለ ጀግና ይባላል። ድንበርም ክቡር ቃል ነው። በገጠር የእርሻ ድንበር የገፋ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ሲቆም የሚጠየቀው ገፊው ነው፤ የተገፋው መሬት ለምን ዝም አልህ ተብሎ አይጠየቅም። በልጅ ገላ ላይ የሚደርስ መገፋት ግን ብዙውን ጊዜ «ለምን አልጮኽህም? ለምን ቀድመህ አልተናገርህም?» በሚሉ ጥያቄዎች ይጀምራል። «እምቢ በል» የሚለው የመጽሐፍ ትምህርት ብቻውን ሲቀር ይህን ጥያቄ ሊያጠናክረው ይችላል፤ እምቢ ማለትን ተምሮ ያላለ ልጅ ጥፋቱን የራሱ አድርጎ ይወስደዋልና።

ስለዚህ የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ ሁለት ነገር በአንድነት ማድረግ ይጠበቅበታል። አንደኛ፣ ልጁ ጨዋነቱን ሳይጥል እምቢ የሚልበትን ቋንቋ ማሳየት። አማርኛ ለዚህ አልደኸየም፤ «ይቅርብኝ»፣ «አልፈልግም»፣ «እጅ ልንሳ» የሚሉ መንገዶች አሉት። ጉንጩን መሳም ያልፈለገች ልጅ እጅ ነስታ ወይም እጇን ዘርግታ ሰላምታ ስትሰጥ፣ እንግዳውም ደስ ብሎት ሲቀበላት የሚያሳይ አንድ ገጽ ከብዙ ምክር ይበልጣል። በሌላ ገጽ ደግሞ ጨዋነት የሚቆምበት ቦታ መታየት አለበት፤ አዋቂው ምሥጢር ያዝ ብሎ ገላን ሲነካ እርስዎ ማለትም አንቱታም አይጠበቅም፤ መሮጥና መናገር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እምቢታውን የሚቀበለውን አዋቂ መሣል። ቆም ያለ፣ እጁን የሰበሰበ፣ ቀጥሎም ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አዋቂ በሥዕል ሲታይ፣ አንባቢው አዋቂ ሊኮርጀው የሚችል አካሄድ ያገኛል። የአንበሳው ጢም ማለት ይህ ነው።

ጭፍን ታዛዥነት በቃል ተረቱ ውስጥም ያልተተቸ አይደለም። ማሞ ቂሎ የሚያስቀው እናቱን ስለማይሰማ አይደለም። ትናንት የተነገረውን ዛሬ ያለ ቦታው ቃል በቃል ስለሚፈጽም ነው። ተረቱ በሳቅ ውስጥ የሚለው ነገር አለ፤ ትእዛዝን ከራስ ማስተዋል ጋር ማገናኘት ያልተማረ ልጅ ታዛዥ ቢሆንም አልሠለጠነም። ልጆች «እሺ» ከማለታቸው በፊት እንዲያስተውሉ ማስተማር እንግዳ ባህል ነው ለሚሉ ሰዎች ከዚህ ተረት የተሻለ መልስ ማግኘት ያስቸግራል።

ምናብ ውሸት አይደለም

ምናብ ከስሜትና ከወሰን ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ የልጅ ምናብ ከኖረው ልምድ እንደሚነሳና ከስሜቱ ጋር እንደሚተሳሰር አስተምሯል። በ1963 እ.ኤ.አ. የታተመው የሞሪስ ሴንዳክ የአውሬዎቹ አገር መጽሐፍም ይህን በሥዕል አሳይቷል፤ የተቀጣ ልጅ ቁጣውን ይዞ ወደ አውሬዎች አገር ይሄዳል፣ ይነግሥባቸዋል፣ ከዚያም ሲርበውና ቤቱ ሲናፍቀው ይመለሳል። ቁጣው አልተወገዘም፤ መኖሪያ ቦታ ተሰጠው።

በኢትዮጵያ ቤቶች የልጅ ምናብ ሁለት ዕጣ ይገጥመዋል። በአንድ በኩል አዋቂዎች ለራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ ያልተኛው ልጅ ጅብ መጣብህ ይባላል፣ ያለቀሰው ለማኝ ወይም ፖሊስ ይወስድሃል ይባላል። በሌላ በኩል ልጁ በራሱ ምናብ ሲናገር ቀጣፊ ይሰኛል። ይህ ልማድ ከመጫወቻ በላይ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ፍርሃቱ ሲቀለድበት፣ ተረቱም ውሸት ሲባልበት የኖረ ልጅ፣ አንድ ቀን እውነተኛ ነገር ይዞ ሲመጣ የሚያምነው ሰው እንደሌለ አስቀድሞ ተምሯል። ጅቡን በልጁ ወገን የሚያሰልፍ፣ ልጁ የፈጠረውን ዓለም አዋቂው ቁጭ ብሎ የሚሰማበት የሥዕል መጽሐፍ ከመዝናኛነቱ ሌላ የመተማመን ልምምድም ነው።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ፣ ትርጉም ከምንም ይሻላል፣ የራስ መጽሐፍ እስኪጻፍ ልጅ አይጠብቅም የሚል ነው። እውነትነት አለው። በተለይ ስለ ገላ ክፍሎች ግልጽ ቃል መጠቀምን በተመለከተ የውጭዎቹ መጻሕፍት ብዙ ያስተምራሉ። በከፍተኛው አማርኛ «ኀፍረተ ሥጋ» የሚባለውን የገላ ክፍል ያወቀ ልጅ፣ የክፍሉ ስም ራሱ ማፈርን ያዝዘዋል፤ ያፈረበትን ነገር ደግሞ አይናገርም። «ብልት» የሚለው ቃል ለዚህ የተሻለ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ትርጉምን አይነቅፍም፤ የሚነቅፈው ቃሉ ብቻ ተለውጦ ቀለሙ፣ ፊቱና የሰላምታው ሥርዓት እንዳለ የሚቀርበትን ትርጉም ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ልጅን ከጥቃት መጠበቅ የሕግ እንጂ የተረት ሥራ አይደለም የሚል ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ልጆች በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች አካልን ከሚነካ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ነገር ግን ድንጋጌው የጠቀሰው ትምህርት ቤትንና ተቋምን ነው፤ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ግን በቤቱ ነው። ሕግ ወደ ቤት የሚገባው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ መጽሐፍ ግን ቀድሞ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ይህ ሁሉ የባለመጽሐፍ ቤት ጉዳይ ነው የሚል ነው። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክማ ወደ ሽሮ ሜዳ የምትወርድ እናት መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘቡም ለማንበብ ጊዜው የላትም፤ ማንበብም ላትችል ትችላለች። ተቃውሞው መጽሐፉ ምን መምሰል እንዳለበት ይጠቁማል እንጂ አስፈላጊነቱን አይሽርም። ቃል አልባ የሥዕል መጽሐፍ ማንበብ የማትችለውን እናት ተራኪ ያደርጋታል፤ እያንዳንዱን ገጽ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ ተረት ትሞላዋለች። አማርኛም ሆነ ኦሮምኛ ወይም ጋምኛ ብትናገር መጽሐፉ ያው አንዱ ነው። በትንሽ ወጪ የሚታተም፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በጤና ጣቢያና በመዋዕለ ሕፃናት የሚቀመጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ፣ አዋቂው ራሱ መማር አለበት የሚለውን ሐሳብ በተሻለ ሁኔታ ሊሸከም ይችላል፤ ታሪኩን በራሱ አፍ የተናገረ አዋቂ የሌላ ሰው ምክር እንዳደረገው አይቆጥረውምና።

ለተመራማሪዎች የቀረው ሥራ

በዚህ ጉዳይ ላይ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። ልጆች በየዕድሜያቸው ስሜታቸውን የሚገልጹባቸው ቃላት ከአንደበታቸው ተሰብስበው ሊመዘገቡ ይገባል፤ ደራሲዎች የአዋቂ መዝገበ ቃላትን ብቻ ይዘው እንዳይጽፉ። ልጆች በሥዕል ላይ ያለን ፊት እንዴት እንደሚያነቡ፣ የሁለት ዓይንና የአንድ ዓይን ልማድ በንባባቸው ላይ ምን ያህል እንደሚታይ መመርመር ይቻላል። አዋቂዎች ለልጅ ሲያነቡ የት ቆም እንደሚሉ፣ የትኛውን ገጽ በፍጥነት እንደሚያልፉ መከታተልም ጠቃሚ ነው፤ አዋቂ የሚያልፈው ገጽ ብዙ ጊዜ ልጁ የሚጠብቀው ገጽ ነው።

በእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ላይ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። መቅረጸ ድምፅና ካሜራ ይዞ ወደ አንድ ሰፈር የሚወጣ ተመራማሪ የቀበሌውን ደብዳቤና የወላጁን ፊርማ ሲያገኝ ፈቃድ እንዳለቀ ይቆጥራል። ጥናቱ ስለ ልጅ ወሰን ሆኖ ሳለ ልጁ ራሱ ካልተጠየቀ፣ ጥናቱ የሚያጠናውን ነገር እየጣሰ ነው። ልጁ ዞር ሲል መቅረጸ ድምፁን መዝጋት፣ ዛሬ ካልሆነ ነገ መመለስ፣ በሦስተኛውም ቀን እምቢ ካለ ያለ መረጃ ወደ ቤት መግባት የጥናቱ ዘዴ አካል ሆኖ በንድፉ ላይ መጻፍ አለበት። እንጀራ እናቲቱ ጢሙን ያገኘችው ብዙ ቀን ባዶ እጇን ስለተመለሰች ነው።